ለማያውቁት ሰው ዋስ የሚሆኑ

ጆን ኦገስተስ የቦስተን ጫማ ሰፊ ነበር። በ1841 (የኛን አቆጣጠር ስጠቀም እናገራለሁ፤ ሌላው ሁሉ የአውሮፓውያን ነው) አንድ ጠዋት የከተማው ፖሊስ ፍርድ ቤት ተቀምጦ ሳለ በስካር የተከሰሰ ቡትቶ ለባሽ ሰው ይቀርባል። ኦገስተስ ጠጋ ብሎ አነጋገረው። ሰውዬው ማረሚያ ቤት ባልገባ ዳግመኛ አልቀምስም ብሎ ማለ። ኦገስተስም ለማያውቀው ሰው ዋስ ሆኖ ፈረመ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁለቱ አብረው ችሎት ሲቀርቡ ሰካራሙን ለይቶ ያወቀው አልነበረም። ዳኛው አንድ ሳንቲም ቀጡትና ከወጪው ጋር በድምሩ 3 ዶላር ከ76 ሳንቲም ከፍሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ይህ ጫማ ሰፊ በ1859 እስኪሞት ድረስ በዚሁ ሥራ ቆየ። ዋስ የሆነላቸው ሰዎች በመዝገብ 1,946 ደርሰዋል፤ ከእነዚህ ጠፍተው ገንዘቡን ያስበሉት አሥር ብቻ እንደነበሩ ተጽፏል። የእስር ቤት ሹማምንት አይወዱትም ነበር። ለእያንዳንዱ ታሳሪ የሚያገኙት አበል ነበርና የሱ ዋስትና ኪሳቸውን ይነካ ነበር። የሕግ ታሪክ ጸሐፊዎች የሚያነሱት ጥፋተኛን ከወህኒ ይልቅ በክትትል የማረም ሥርዓት አባት አድርገው ነው፤ የማሳቹሴትስ ግዛትም በ1878 ያንን በሕግ ደነገገች። ለኔ ግን ከዚያ በፊት ኦገስተስ የበጎ አድራጎት ዋስትና አባት ነው። ላስተዋውቃችሁ የምፈልገውም ይህንኑ ነው፦ ለማያውቁት ተከሳሽ የዋስ ገንዘብ የሚያስይዙትን ድርጅቶች። ለታራሚ ልብስና መጽሐፍ የሚያደርሱ ማኅበራት ምስጋና አያጡም። እነዚህን ግን ብዙ ሰው አያውቃቸውም፤ የሚያውቃቸውም ብዙ ጊዜ በክፉ ነው የሚያነሳቸው።

አሠራራቸው ቀላል ነው። ፍርድ ቤት ተከሳሹ ውጭ ሆኖ እንዲከራከር ገንዘብ ያስይዝ ይላል። ያለው አስይዞ ይወጣል፣ የሌለው ይታሰራል። ድርጅቱ፣ ማለትም የዋስትና ፈንዱ፣ ለሌለው ያስይዝለታል። ተከሳሹ ቀጠሮውን አክብሮ ጉዳዩ ሲዘጋ ገንዘቡ ለፈንዱ ይመለስና ለቀጣዩ ሰው ይውላል፤ እንደ እቁብ ብር ይዞራል። ተከሳሹ አንድም ሳንቲም አይጠየቅም።

ይህን በዋስትና ከሚነግዱት ጋር የሚያምታታው ብዙ ነው። አሜሪካ ውስጥ በዋስትና መነገድ በአብዛኞቹ ግዛቶች የተፈቀደ ንግድ ነው። ነጋዴው ብዙውን ጊዜ ከተወሰነው ገንዘብ አሥር በመቶውን ተቀብሎ ዋስ ይሆናል፤ ያ አሥር በመቶ ዋጋው ስለሆነ ተከሳሹ ነፃ ቢወጣም አይመለስም። ዋሽንግተን አካባቢ ባሉ ፍርድ ቤቶች በአስተርጓሚነት ስሠራ አንዲት የኛ አገር እናት የልጃቸው ክስ ተዘግቶ ሲወጡ «ታዲያ ያስያዝኩትን አንድ ሺህ ብር መቼ ነው የምወስደው?» ብለው ጠየቁኝ። ብር ያሉት ዶላሩን ነው። አስይዘው አልነበረም፣ ከፍለው ነበር። የፈረሙትን ወረቀት በቋንቋቸው ያስረዳቸው ሰው አልነበረም። እባካችሁ፣ ወንድም ወይም ልጅ ተያዘ ተብሎ በሌሊት ስልክ ሲደወልላችሁ መጀመሪያ የመጣላችሁ ነጋዴ ጋ አትሩጡ። የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃውን «እዚህ ከተማ የበጎ አድራጎት የዋስትና ፈንድ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ የአምስት ደቂቃ ጉዳይ ነው።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚቆረቁረኝ ነገር ልግባ። የተማረውም ያልተማረውም፣ ተከሳሽን ወደ ችሎት የሚመልሰው ያስያዘው ገንዘብ ነው ብሎ ያምናል። የራሱ ገንዘብ ካልተያዘ ይጠፋል ይባላል። ፈንዶቹን የሚነቅፉ ሁሉ የሚነሡት ከዚህ ነው፦ ገንዘቡ የሌላ ሰው ከሆነ ተከሳሹ ለምን ይመለሳል?

የኒውዮርክ ሰዎች ይህን ከስድሳ ዓመት በፊት ፈትነውታል። ሉዊስ ሽዋይትዘር የሚባል ባለጸጋ የኬሚካል መሐንዲስ ብሩክሊን የሚገኝ እስር ቤት ጎብኝቶ፣ ገና ያልተፈረደባቸው ወጣቶች የዋስ ገንዘብ ስላጡ ብቻ ታጉረው ያያል። በእናቱ ስም ቬራ የተባለ ድርጅት አቋቋመና ኸርበርት ስተርዝ የተባለ ወጣት ጋዜጠኛ ሥራውን ያዘ። ገንዘብ ግን አላስያዙም። በ1961 የሕግ ተማሪዎችን ማንሃተን ወደሚገኘው የወንጀል ፍርድ ቤት ማቆያ ላኩ። ተማሪዎቹ የሚጠይቁት ተራ ነገር ነበር፦ እዚህ አድራሻ ስንት ጊዜ ኖርክ? ከማን ጋር ትኖራለህ? ሥራህ ምንድን ነው? ከዚህ በፊት ተከሰህ ታውቃለህ? መልሱ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ነጥቡ ከበቃ ሰውዬው በቃሉ ብቻ እንዲለቀቅ ለዳኛው ሐሳብ ይቀርባል። በሦስት ዓመት ውስጥ በዚህ መንገድ 3,505 ሰዎች ያለ ምንም ገንዘብ ተለቀቁ። ሆን ብለው የቀሩት ከመቶ ሁለት እንኳ አልሞሉም፤ ገንዘብ አስይዘው ከወጡት ሰዎች ይልቅ የቀሩት ያነሱ ነበሩ። ይህ ውጤት ዋሽንግተን ደርሶ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በ1966 የፌዴራሉን የዋስትና ሕግ ማሻሻያ ፈረሙ።

ሁለተኛው ማስረጃ ከብሮንክስ ነው። በ2007 ሮቢን ስታይንበርግና ዴቪድ ፌይጊ የተባሉ ተከላካይ ጠበቆች የብሮንክስ ፍሪደም ፈንድን አቋቋሙ። በ2009 አንድ ዳኛ ፈቃድ የሌለው የዋስትና ንግድ ነው ብለው በመወሰናቸው ሥራው ቆመ። በ2012 የኒውዮርክ ግዛት የበጎ አድራጎት ዋስትናን የሚፈቅድ ሕግ አወጣችና እንደገና ተከፈተ። ሕጉ ለቀላል ወንጀሎች ብቻ፣ ያውም እስከ 2,000 ዶላር ነበር የሚፈቅደው። ፈንዱ ካስፈታቸው ሰዎች መካከል 96 በመቶዎቹ ቀጠሯቸውን አክብረዋል። ገንዘቡ የነሱ አልነበረም፤ ቢጠፉ የሚከስረው ፈንዱ ነው። የሚመልሳቸው የራሳቸው ገንዘብ ቢሆን ኖሮ አንዳቸውም ባልተመለሱ ነበር።

ታዲያ የሚቀሩት ለምን ይቀራሉ? አንዱ ትልቅ ምክንያት መርሳት ነው። በ2020 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ኒውዮርክ ውስጥ ለቀላል ጥፋት የሚሰጠውን የመጥሪያ ወረቀት መረመረ። ወረቀቱን ቀኑና ቦታው ጎልቶ እንዲታይ አድርገው እንደ አዲስ ሲያዘጋጁት የሚቀረው ሰው በ13 በመቶ ቀነሰ፤ በስልክ የጽሑፍ ማስታወሻ ሲልኩ ደግሞ በ21 በመቶ። አንድ የስልክ መልእክት ስንት ሳንቲም ያስወጣል? የዚያኑ ጥናት ሌላ ገጽታ ሳነብ ዝም ማለት አልቻልኩም፦ ተራው ሕዝብ ቀጠሮ የቀረውን ሰው ሆን ብሎ የቀረ አድርጎ ነው የሚገምተው። የሐኪም ቀጠሮ ረስተን የምናውቅ ሰዎች ለተከሳሽ ሲሆን ግን መርሳትን እንነፍገዋለን።

የኛ ሰው ደግሞ የራሱ ችግር አለበት። አሜሪካኖች ቀን ሲጽፉ ወሩን ያስቀድማሉ፤ 03/09 ማለት ማርች 9 ነው። አገር ቤት ቀን አስቀድሞ የሚጽፍ ሰው ይህንን የዘጠነኛው ወር ሦስተኛ ቀን ብሎ ያነበዋል። ሰዓቱም ያው ነው። ዘጠኝ ሰዓት ቅረብ የተባለ ሰው፣ በተለይ አዲስ የመጣ ከሆነ፣ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተፍ ተፍ እያለ ይደርሳል። ፍርድ ቤቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስሙን ጠርቶ፣ አጥቶት፣ የመያዣ ትእዛዝ አውጥቶበታል። እንዲህ የሆነበት፣ ክራባት አስሮና ሰነዶቹን በፌስታል ይዞ የመጣ ሰው የችሎቱ በር ላይ አግኝቼ አውቃለሁ። መዝገቡ ላይ የተጻፈው አልቀረበም የሚል ብቻ ነው።

እንግዲህ ጥሩ ፈንድ ገንዘብ ከማስያዝ አልፎ የሚሠራው ይህንን ነው። ከቀጠሮው ቀደም ብሎ ይደውላል፣ መልእክት ይልካል፣ የአውቶቡስ ገንዘብ ይሰጣል፣ ልጅ የሚይዝላት ያጣችውን እናት ምን እናድርግልሽ ይላል። የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ከሥራው ሳይባረር ችሎት እንዲቀርብ ደብዳቤ ይጽፍለታል። ስታይንበርግ በ2018 አገር አቀፍ አድርጋ የጀመረችው ዘ ቤይል ፕሮጀክትም የተመሠረተው በዚህ ልምድ ላይ ነው። ሰውን የሚያስቀርበው የሚያስታውሰው ሰው መኖሩ ነው። ገንዘቡ በሩን ይከፍታል፣ ከዚያ በኋላ ሥራው የሰው ነው።

መታሰሩ ራሱ ምን እንደሚያደርግ ባጭሩ ልበል። በፊላደልፊያና በማያሚ ፍርድ ቤቶች ላይ የተሠራና በ2018 የታተመ የኢኮኖሚስቶች ጥናት፣ ከፍርድ በፊት የተለቀቁ ተከሳሾች ጥፋተኛ የመባል ዕድላቸው እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ዋናው ምክንያት አጥፍቻለሁ ብሎ የማመን ነገር መቀነሱ ነው። የታሰረ ሰው «ጥፋተኛ ነኝ በልና ዛሬ ቤትህ ግባ» ሲባል ንጹሕ ሆኖም ያምናል። ካሊፍ ብራውደር አላምንም ብሎ ነበር። በ2010፣ በ16 ዓመቱ፣ ቦርሳ ሰርቀሃል ተብሎ ብሮንክስ ውስጥ ተያዘ። ዋስትናው 3,000 ዶላር ነበር፤ ቤተሰቡ የሚከፍለው ገንዘብ አልነበረውም። ራይከርስ ደሴት እስር ቤት ሦስት ዓመት ገደማ ቆየ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ተዘግቶበት። ሳይፈረድበት በ2013 ክሱ ተዘጋ። በ2015 ራሱን አጠፋ።

በዋስ ከወጡት መካከል እንደገና ከባድ ወንጀል የሠሩ የሉም ወይ? አሉ። ፈንዶች ያስፈቷቸውም አሉበት፤ የተጎዱትን ሰዎች ማቃለል ነውር ነው። ግን አደገኛ ሰው እንዳይወጣ ከተፈለገ ዳኛው ማስረጃ ሰምቶ፣ ምክንያቱን ተናግሮ ይከልክል። ገንዘብ አደገኛውን ከማይጎዳው አይለይም፤ ሀብታሙን ከድኻው ነው የሚለየው። ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚኖርባት ዋሽንግተን ዲሲ ከ1992 ጀምሮ ሰውን በገንዘብ እጦት ብቻ ማሰርን በሕግ ከልክላለች። ኢሊኖይ በ2023 የገንዘብ ዋስትናን ጨርሳ በማስቀረት የመጀመሪያዋ ግዛት ሆነች። በነዚህ ቦታዎች ተከሳሽ ችሎት መቅረቡን አልተወም።

አገር ቤት ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ከድሮም የኛ ዋስ ሰው ነው። ተካሳሾች በቁራኛ ተቆራኝተው ዳኛ ፊት በሚሄዱበት ዘመን ከሰንሰለቱ የሚያላቅቀው ዋስ መጥራት ነበር። ዛሬም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 በዋስ የመፈታትን መብት ያረጋግጣል፤ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ዋስትናን በዝርዝር ይደነግጋል። ደመወዝተኛ ዘመድ ያለው ይወጣል። ከገጠር ለቀን ሥራ ከተማ የገባና ማንም የማያውቀው ልጅ ግን ዋስ ተብሎ ማንን ይጠራል? የኦገስተስ ዓይነት ሰው የሚያስፈልገው ለሱ ነው።

ዋስ የሚሆኑትንም ትንሽ ልቆጣ። ይሉኝታ ይዟችሁ ትፈርማላችሁ፣ ከዚያ ሰውዬው መቼ እንደሚቀርብ እንኳ አትጠይቁም። ሲቀር ግን ጉድ ሠራኝ ትላላችሁ። የፈረማችሁ ቀን ቀጠሮውን ጽፋችሁ ያዙ፤ ዋዜማው ላይ ደውሉ። ውጭ አገር ያላችሁም ገንዘብ የምታዋጡት አንድ ስም ዜና ሲሆን ብቻ አይሁን። በ2020 ጥቁር አሜሪካዊው ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ እጅ ሲገደል የሚኒሶታ ፍሪደም ፈንድ በሳምንታት ውስጥ ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጎረፈለት፤ ፈንዶች ግን ዜና በሌለበት ጊዜም ገንዘብ ያስፈልጋቸዋል።

አሜሪካ ውስጥ ለተያዘ ስደተኛ ወገን የሚጠየቀው የኢሚግሬሽን ዋስትና ደግሞ የተለየ ነው። በሕግ ከ1,500 ዶላር አያንስም፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በጣም ይበልጣል፤ ራስ ለመንግሥት ሲያስይዙ የሚያዘው ሙሉው ገንዘብ ነው። ለዚህ ብቻ የተቋቋሙ ፈንዶች አሉ። እድራችሁ ወይም ቤተ ክርስቲያናችሁ ወይም መስጊዳችሁ ለለቅሶ የሚያዋጣውን ያህል ባይሆንም በየወሩ ትንሽ ለነዚህ ይመድብ። ገንዘብ ባይኖራችሁ አማርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ አላችሁ፤ ወደ አንዱ ፈንድ ደውሉና የቀጠሮ ማስታወሻ ስልኩን በቋንቋችን እኛ እንደውል በሏቸው።