መከራ ያላስረሳት ቋንቋ

ከጅማ ወደ አጋሮ ወይም ወደ ሊሙ ገነት የተጓዛችሁ አንባቢዎች፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የበቀለውን ቡና ሳታደንቁ አላለፋችሁም። የሊሙ ቡና በዓለም ገበያ ስሙ የታወቀ ነው። ነገር ግን ከዚያው አገር ሰውም ለገበያ ይወጣ እንደ ነበር ስንቶቻችሁ ታስባላችሁ? በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በጅማ ሂርማታ ገበያ ቡናና ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና የሰው ልጅ ባንድነት ይሸጡ ነበር።

አስቴር ጋኖ ነጻ ሆና ተወልዳ ሳለ በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ ባሪያ የሆነች ልጅ ነበረች። ለዐረብ አገር ልትሸጥ በባሕር ስትወሰድ በ1886 (ዓመቶቹን በአውሮጳ አቆጣጠር እንጽፋለን) የኢጣልያ መርከቦች ጀልባዋን ይዘው ነጻ አወጧት። ዕድሜዋ 14 ዓመት ገደማ ነበር። ከምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ወደሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች።

አንዳንድ ሰው እንዲህ ያለውን ታሪክ ሲሰማ «ለበጎ ነው» ብሎ ነገሩን ባንድ ቃል ይዘጋዋል። እኔ አልቀበለውም፤ ፈንጋዩን ከበደሉ ነጻ የሚያወጣ ንግግር ነውና። ዮሴፍ እንኳ በግብፅ ከፍ ካለ በኋላ ወንድሞቹ የሠሩት ክፉ መሆኑን አልሸሸገላቸውም፤ እህሉን ግን አልከለከላቸውም።

በአስቴር እጅ የቀረው ሀብት ምን ነበር? ቋንቋዋ ብቻ።

በእምኩሉ ኦኔሲሞስ ነሲብ የሚባል ሰው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመተርጐም ይደክም ነበር። እርሱም ከኢሉባቦር በልጅነቱ ተሰርቆ ተደጋግሞ የተሸጠ፣ በ1870 በምጽዋ ነጻ የወጣ ሰው ነው። ከአገሩ በልጅነቱ ስለ ተለየ የቋንቋው እውቀት ለሥራው አልበቃው አለ። የአስቴርን ተሰጥኦ ባየ ጊዜ የኦሮምኛ ቃላትን እንድትሰበስብ አደረጋት። በ1893 የታተመው አዲስ ኪዳን በእርሷ መዝገበ ቃላት ተቃና። ይህ ብቻ አይደለም፤ 500 ያህል እንቆቅልሽ፣ ተረት፣ ምሳሌና ዘፈን ከትዝታዋ አውጥታ ጻፈች። ከእነዚህ ብዙዎቹ በ1894 በታተመው የንባብ መጽሐፍ ገቡ። እናንተ ለፈተና ያጠናችሁትን በወሩ የምትረሱ ተማሪዎች ሆይ፣ ይህን አስቡት! ከእናቷ ቤት የሰማችውን እንቆቅልሽ ባሪያ ፈንጋይ ሊነጥቃት አልቻለም።

መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በስዊስ አገር በቅድስት ክሪሾና በግዕዝ ፊደል ታተመ። በርእሱ ገጽ ተርጓሚ ተብሎ የተጻፈው የኦኔሲሞስ ስም ብቻ ነው። የእርሷ ድርሻ ሰፊ እንደ ነበር ታሪክ ጸሐፊዎች የተናገሩት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። በመሥሪያ ቤት ረቂቁን ጽፋችሁ ሌላ ሰው የሚፈርምባችሁ ጸሐፊዎች ይህ ስሜት አይጠፋችሁም።

በ1904 ወደ ወለጋ ተመለሱ። እዚያም ዕረፍት አልነበረም፤ በ1906 ኦኔሲሞስ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ተከሰሰ፤ ዳግማዊ ምኒልክ ወደ ነቀምት እንዲመለስ ቢፈቅዱለትም እንዳይሰብክ ታገደ። አስቴር ግን በነቀምት ትምህርት ቤት ሕፃናትን በገዛ ቋንቋቸው ፊደል ታስቆጥር ነበር። ያረፈችው በ1964 ነው።