የንግድ መተግበሪያ ሥራ የጊዜ ግምት፦ ደሴና ኮምቦልቻን መነሻ በማድረግ

በደሴ ሱቅ፣ በኮምቦልቻ ደግሞ መጋዘን ያለው አንድ የጅምላ ነጋዴ የዕቃ ገቢና ወጪ የሚመዘግብ የስልክ መተግበሪያ እንዲሠራለት ጠየቀ እንበል። ሠሪው ቡድን ሁሉ ከተሳካ በ4፣ እንደሚጠበቀው ከሄደ በ6፣ ከከፋ በ14 ሳምንት እንደሚጨርስ ይገምታል። እ.ኤ.አ. በ1958 ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የፖላሪስ ሚሳይል ፕሮጀክት የተቀረጸው የፐርት ስሌት የሚጠበቀውን ቁጥር በ4 አባዝቶ፣ ሁለቱን ጫፎች ደምሮ ለ6 ያካፍላል፤ ውጤቱ 7 ሳምንት ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ የሚያስቸግሩት የሚገቡለት ቁጥሮች ናቸው። ቡህለር፣ ግሪፊንና ሮስ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በአማካይ በ34 ቀን ገደማ እንደሚጨርሱ የገመቱ ተማሪዎች 55 ቀን ያህል ፈጅቶባቸዋል። ሁሉ ነገር ቢበላሽ ብለው የሰጡት ግምት እንኳ ከ49 ቀን አላለፈም። ለድኅረ ምረቃ ተማሪ ነገሩ እንግዳ አይሆንም።

ስለዚህ 14 ሳምንቱ ከየት እንደመጣ መመርመር ይገባል። አንዱ ምክንያት የበጀት ዓመቱ ነው። ሰኔ 30 መዝገብ ይዘጋል፤ ከሐምሌ 1 ጀምሮ የግብር ማሳወቂያ ወቅት ይከተላል። በእነዚህ ሳምንታት መተግበሪያውን ሞክሮ ስሕተቱን የሚያመለክት የሒሳብ ሠራተኛ ማግኘት አዳጋች ነው። ግንቦት አጋማሽ የተጀመረ ሥራ ሙከራው በቀጥታ እዚያ ላይ ያርፋል፤ ጥር ላይ የተጀመረውን ግን ነገሩ አይነካውም። ቀኑ አስቀድሞ የታወቀ በመሆኑ «መጠባበቂያ» በሚል ጥቅል ስም ሳይሸፈን በመርሐ ግብሩ ላይ በግልጽ ሊሰፍር ይገባል።

የኢንተርኔት መቋረጥ ጠባዩ ሌላ ነው። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለበርካታ ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያበቃ የማይታወቅን ነገር በሳምንት ቆጥሮ ግምት ላይ መደመር ፋይዳ የለውም። ይልቁንም ጉዳዩን ወደ ንድፉ ማዛወር ይሻላል፦ ሽያጩ መጀመሪያ በስልኩ ላይ ይመዘገባል፤ ኔትወርክ ሲመለስ ከመጋዘኑ መዝገብ ጋር ይናበባል። በሱቁና በመጋዘኑ በአንድ ጊዜ የተቀነሰን ዕቃ ማስታረቅ ተጨማሪ ሥራ ስለሆነ ግምቶቹ ለምሳሌ 6፣ 8 እና 10 ሊሆኑ ይችላሉ። አማካዩ ከ7 ወደ 8 ሳምንት ያድጋል፤ በጫፎቹ መካከል ያለው ልዩነት ግን ከ10 ሳምንት ወደ 4 ይጠባል። ነጋዴው አዲሱን የበጀት ዓመት በመተግበሪያው ለመጀመር ከፈለገና ሙከራው እስከ ግንቦት 30 እንዲያልቅ ከታሰበ፣ ሥራው የሚጀመርበት ቀን ከመጋቢት 20 ማለፍ የለበትም።