ተኩሱ «ፍስ» ሲል

ሰሜን ቨርጂንያ ውስጥ በአንድ የቤት ውስጥ ተኩስ መለማመጃ ቅዳሜና እሑድ የደህንነት ተቆጣጣሪ ሆኜ እሠራለሁ። ቀኑን ሙሉ ከተኳሾች ጀርባ ቆሜ እጃቸውን አያለሁ፣ ድምፁን አዳምጣለሁ።

ባለፈው ጥር አንድ የቀድሞ ወታደር መጡ፤ ያገራችን ሰው ናቸው። በ9 ሚሊሜትር ሽጉጣቸው ስድስት ሰባት ጥይት ደህና አድርገው ተኮሱ። የሚቀጥለው ግን «ጧ» አላለም። ውሃ እንደገባው ርችት «ፍስ» ብሎ ቀረ፤ ሽጉጡም እንደ ወትሮው ወደ ኋላ አልገፋቸውም። እጃቸው ወዲያው ሊያቀባብል ሄደ።

«ጋሼ፣ ይቁሙ! ጣትዎን ከቃታው ያውጡ፣ አፈሙዙ ከዒላማው አይዙር።»

«ልጄ፣ ከሽፎ ነው እኮ፤ ሌላ ላጉርሰው።»

ካዝናውን አወጣን፣ ቀለሁን አስወገድን፣ ሽጉጡን ፈታነው። በርሜሉ ውስጥ ቀጭን የናስ ዘንግ ስሰድድ ግማሽ መንገድ ላይ «ቀጭ» ብሎ ቆመ። አረሩ እዚያ ተቀርቅሯል። ጋሼ ዘንጉን በራሳቸው እጅ ገፋ ገፋ አድርገው አዩትና ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሌላ ቢያጎርሱና ቢተኩሱ ኖሮ ሁለተኛው አረር ከፊተኛው ጋር ይላተም ነበር። መውጫ ያጣው ጋዝ በርሜሉን ያሳብጠዋል፣ ሲብስም ይሰነጥቀዋል፤ ጣትም ዓይንም የሚጠፋው ያኔ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መርፌው በቀለሁ ቂጥ ላይ ያለችውን ትንሽ እሳት ጫሪ ይመታል፤ እሷ ባሩዱን ታቀጣጥላለች፤ የባሩዱ ጋዝ አረሩን ይገፋል። ባሩዱ ከሌለ ወይም ካነሰ እሳት ጫሪዋ አረሩን ከቀለሁ አላቅቃ መንገድ ላይ ትጥለዋለች። እዚህ አገር ባዶ ቀለህ ሰብስቦ እቤቱ ጥይት የሚሞላ ሰው ብዙ ነው፤ ባሩድ አንዴ መርሳት ይበቃል።

የብሩስ ሊ ልጅ ብራንደን ሊ እ.ኤ.አ. በ1993 ሰሜን ካሮላይና ውስጥ «ዘ ክሮው» የተባለውን ፊልም ሲሠራ የሞተው በዚሁ ሰበብ ነው። ባሩዱ የወጣለት፣ እሳት ጫሪዋ ግን ያልተነሳችለት ጥይት አረሩን በርሜሉ ውስጥ ጥሎት ነበር። በርሜሉን ያየ ሰው አልነበረም። በኋላ ባሩድ ብቻ ያለው የፊልም ጥይት ሲተኮስ ያንን አረር ገፍቶ አወጣው።

የአደን ጠመንጃም የራሱ ወጥመድ አለው። የ20 ቁጥር ጥይት በ12 ቁጥር ጠመንጃ ውስጥ ሾልኮ በርሜሉ ላይ ይቀረቀራል፤ ሰውየው ጥይት ያላስገባ ይመስለውና 12 ቁጥሩን ከኋላው ያጎርሳል። የ20 ቁጥር ቀለህ ቢጫ የሚደረገው እንዳይምታታ ነው።

ቃታ ተስቦ ጭራሽ ድምፅ ሲጠፋ ደግሞ ሌላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በእርግጥ ከሽፏል። አልፎ አልፎ ግን እሳቱ ይዘገያል፤ ቸኩሎ የከፈተ ሰው ጥይቱ ከጠመንጃው ወጥቶ ፊቱ ላይ ሊፈነዳበት ይችላል። ስለዚህ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳደረጉ ቢያንስ 30 ሰከንድ መጠበቅ ነው። የከሸፈው ጥይት ተመልሶ አይጎርስም፣ ኪስም ቆሻሻ መጣያም ውስጥ አይገባም። መለማመጃው ለሱ የተለየ ዕቃ አለው።

ጋሼ በኋላ «ግንባር ላይ እኮ የቆመ ጠመንጃ ይዘህ 30 ሰከንድ አትቆጥርም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እጃቸው ያንን ፍጥነት የተማረው ነፍሳቸውን ለማትረፍ ነበር። ወረቀት ዒላማ ፊት ግን መልሶ የሚተኩስባቸው የለም፤ ያው ፍጥነት እዚህ እጃቸውን ሊያሳጣቸው ነበር። ከአዲስ ጀማሪ ይልቅ የለመደ ሰው የሚያሰጋኝ ለዚህ ነው።

ሽጉጡን ጠመንጃ ጠጋኝ አረሩን አውጥቶ መለሰላቸው፤ በርሜሉ አልተጎዳም። እናንተም ልትለማመዱ ስትመጡ ድምፁ ከሳሳ ወይም ግፊቱ ከቀለለባችሁ ቃታውን ልቀቁ፣ አፈሙዙን ሳታዞሩ ባዶ እጃችሁን አንሱና ተቆጣጣሪውን ጥሩት። ሮጦ ይመጣል።