እድር ለሞት ብቻ አይደለም

ቤት ሲቃጠል፣ ጎርፍ ሲገባ ወይም የቤቱ ዋና ሠራተኛ አልጋ ሲይዝ የሚደርሱ ተቋማት በየሰፈራችን አሉ። ስለ እነሱ ከአፍ ወደ አፍ የሚዞረው ግን ብዙ ጊዜ ስህተት ነው። ስህተቱም ዋጋ ያስከፍላል፤ እርዳታ ሊጠይቅ የሚገባው ሰው ሳይጠይቅ ይቀራል።

«እድር ለሬሳ ነው፤ ለቁም ሰው ምን ያደርጋል?»

ከሁሉም የተለመደው ይህ ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ትልልቁ ድስትና ሳህኑ ከመጋዘን የሚወጡት ለለቅሶ ስለሆነ እንዲህ ቢባል አይፈረድም። ተመራማሪው አሉላ ፓንክረስት የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት ግን ሌላ ነገር ያሳያል፤ ከተጠኑት የገጠር እድሮች መካከል ቤት ሲቃጠል ወይም በሬ ሲሞት ገንዘብ የሚከፍሉ፣ አባል ሲታመም የሚያበድሩ ነበሩ። በከተማም ኤችአይቪ ብዙ ሰው በቀጠፈባቸው ዓመታት፣ በየሳምንቱ ቀብር ሲከተል የእድሮች ካዝና ተራቆተ። ያን ጊዜ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች አንዳንድ እድሮች ተቀናጅተው የታመመ ማስታመም፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን መደገፍ ጀመሩ። እድርን ለቁም ሰው ማዋል እንግዳ ሐሳብ አይደለም፤ ተሞክሮ የሠራ ነው።

እድር ሁሉንም ያቅፋል ማለት ግን አይደለም። ወርኃዊ መዋጮ ያልከፈለ ሰው ውዝፍ ይቆጠርበታል፣ ቅጣት ይጨመርበታል፣ በደንቡ የተቀመጠው ጊዜ ሲያልፍም ከመዝገቡ ይሰረዛል። እጅግ የተቸገረው ጎረቤት ከእድር የሚወጣው በዚህ መንገድ ነው፤ በእኔ እምነት የእድሮቻችን ትልቁ ጉድለት ይህ ነው።

«ሴፍቲኔት ሰውን ያሰንፋል»

የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. በገጠር ሲጀመር የተመሠረተው በሥራ ላይ ነው። ጉልበት ያለው ተጠቃሚ እርከን ይሠራል፣ የገጠር መንገድ ይጠርጋል፣ ክፍያውን የሚያገኘው ለዚያ ነው። ሳይሠራ ቀጥታ ድጋፍ የሚሰጠው መሥራት ለማይችለው አረጋዊ፣ አካል ጉዳተኛና ጽኑ ሕመምተኛ ነው። አለማየሁ ስዩምን ጨምሮ ተመራማሪዎች ባደረጉት ግምገማም ፕሮግራሙ ሰዎችን ከሥራ ያስቀረ ለመሆኑ ማስረጃ አልተገኘም። በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማው ፕሮግራም ደግሞ ተጠቃሚው ከሚከፈለው 20 በመቶውን እንዲቆጥብ ያደረገ ነው። በዚህ ፕሮግራም ጎህ ሲቀድ መጥረጊያ ይዘው አስፋልት የሚያጸዱትን እናቶች ያየ ሰው ስንፍና የሚለውን ቃል ለእነሱ ሊጠቀምበት አይገባም።

ተጠቃሚዎች የሚመረጡት በነዋሪው ኮሚቴ ነው፤ የስም ዝርዝሩም ይፋ ሆኖ ቅሬታ እንዲቀርብበት አሠራሩ ያዛል። ያልተገባው ሰው ገብቷል ብሎ ከማማት አቤት ማለት ይሻላል።

«ቀይ መስቀል የፈረንጅ ድርጅት ነው»

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው፤ ጣሊያን በወረረን ጊዜ ገና ሦስት ወር አልሞላውም ነበር። አባሎቹ የአገር ሰዎች ናቸው፣ መዋጮ ይከፍላሉ፣ በጎ ፈቃደኞቹም እዚሁ ሰፈር የምናውቃቸው ወጣቶች ናቸው። አምቡላንስ ለመጥራት 907 ይደወላል።

«እሳቱን መጀመሪያ እኛ እንሞክር፤ ካልሆነ እንጠራለን»

ጎረቤት ባልዲ ይዞ መሮጡ የሚያስመሰግን ነው። መደወሉን ማዘግየት ግን ሰፈር ያስበላል። ቤቶቹ ተደጋግፈው በቆሙበት፣ መንገዱ መኪና በማያሳልፍበት ሰፈር የእሳት አደጋ ሠራተኞች ውኃውን የሚያደርሱት ቱቦ እየቀጣጠሉ ነው፤ ያ ጊዜ ይፈጃል። አዲስ አበባ ውስጥ ከሆኑ አንዱ ውኃ ሲቀዳ ሌላው በዚያችው ደቂቃ 939 ይደውል፣ ሌላው ወደ ዋናው መንገድ ወጥቶ መኪናውን ይቀበል። የተነሳው ከኤሌክትሪክ ከሆነ ቆጣሪው ሳይጠፋ ውኃ አይደፋበት።

አንባቢ ሆይ፣ የእድርዎን ደንብ አንድ ጊዜ አስወጥተው ያንብቡት። ስለ ሕመም፣ ስለ ቃጠሎና መዋጮ መክፈል ስላቃተው አባል የሚናገር አንቀጽ ከሌለው በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ እንዲጨመር ሐሳብ ያቅርቡ።