ከዲፕሎማው ጋር የሚያዝ ስንቅ

ወጣቶቻችን ትምህርታቸውን ጨርሰው ሥራ ፍለጋ ሲወጡ፣ ብዙዎቹ የሚይዙት ዲፕሎማቸውን ብቻ ነው። ቀጣሪው ግን ዕውቀት ያለውን ብቻ ሳይሆን፣ ሰው ማነጋገር የሚችለውንና ከባልደረባው ጋር ተስማምቶ የሚሠራውን ይሻል። ይህ ጠባይ ከወዴት ይገኛል? ብለን ብንጠይቅ፣ ጎንደር ጥሩ መልስ አላት።

የወባ ወረርሽኝ በደምቢያ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቋመ። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ሠራተኞችን ለየብቻ አስተምሮ አላሰናበታቸውም፤ በአንድ ቡድን አሰልፎ ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ገጠር አሰማራቸው እንጂ። ኮሌጁ ዩኒቨርሲቲ ከሆነም በኋላ ይኸው የቡድን ሥልጠና አልቀረም።

እስቲ ነገሩን እናስበው። ነርሷ ለእናቶች ክትትል፣ የንጽሕና ሠራተኛው ለምንጩ መከለል ቅድሚያ ይሰጥ ይላሉ። ጊዜውና ገንዘቡ ግን ለሁለቱ አይበቃም። እንግዲህ ተከራክሮ መስማማት ግድ ነው። ከዚያም ወደ ባላገሩ ደጅ ሲደርሱ፣ ሽማግሌውን «አንቱ» ብሎ፣ ሰላምታ አስቀድሞ፣ አዳምጦ የማይናገር ተማሪ፣ ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ የቱንም ያህል ቢያስረዳ ሰሚ አያገኝም። ይህን ትምህርት በጥቁር ሰሌዳ ብቻ ማስተማር አይቻልም።

ስለዚህ የሕግም፣ የሒሳብም፣ የምሕንድስናም ተማሪ ከምረቃው በፊት ከሌላ ሙያ ባልንጀራ ጋር አንድ ሥራ ጀምሮ ይፈጽም እንላለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።