በመሳቢያ ውስጥ ያለው የአያት ሰዓት

እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ክሪስቲስ የተባለው አጫራች ድርጅት በጄኔቫ ከተማ አንድ የወርቅ የእጅ ሰዓት ለጨረታ አቀረበ። ሰዓቱ እ.ኤ.አ. በ1954 በስዊዘርላንዱ ፓቴክ ፊሊፕ ኩባንያ የተሠራ ሲሆን፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንብረት ነበር። ቀደም ሲል በ2015 ለጨረታ ሊቀርብ ተዘጋጅቶ በተነሣ የባለቤትነት ጥያቄ ምክንያት ቀርቶ ነበር። በሁለተኛው ሙከራ ግን 2.9 ሚሊዮን የስዊዝ ፍራንክ በሚጠጋ ዋጋ ተሸጠ።

የእጅ ስልክ ሰዓቱን ሳያዛንፍ በሚነግረን ዘመን ይህን ያህል ገንዘብ የሚከፍል ሰው ምን አይቶ ነው? ነገሩ የባለጠጎች ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ይሁን እንጂ በብዙ ቤት ከአባት ወይም ከአያት የተረፈ በእጅ የሚሞላ ሰዓት አይጠፋምና፣ ሰብሳቢዎች የሚመዝኑበትን መንገድ ማወቅ ለቤተሰብም ይጠቅማል።

መጀመሪያ ዐይን ይፈርዳል

ሰብሳቢ ሰዓቱን ሲያነሣ በቅድሚያ የሚያየው ልክና ምጣኔውን ነው። ቁጥሮቹ በቀላሉ ይነበባሉ? የደቂቃው ጠቋሚ እስከ ደቂቃው መስመር ይደርሳል ወይስ አጥሮ ይቀራል? የንጉሠ ነገሥቱ ሰዓት ቀኑን፣ ወሩንና የጨረቃዋን መልክ ሁሉ የሚያሳይ ቢሆንም ፊቱ የተጨናነቀ አይደለም። ብዙ ነገር ይዞ ቀላል መስሎ መታየት ትልቅ ሙያ ነው።

ብዙዎቻችን ዋጋ ያለው ወርቁ ላይ ይመስለናል። በሰብሳቢዎች ዘንድ ግን ብርቅነት ከወርቅ ይበልጣል። የፓቴክ ፊሊፕ 1518 ሞዴል በአብዛኛው የተሠራው በወርቅ ሲሆን፣ በብረት የተሠሩት የሚታወቁት አራት ብቻ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2016 በጄኔቫ ከ11 ሚሊዮን የስዊዝ ፍራንክ በላይ አውጥቷል።

ከክዳኑ ሥር

በእጅ የሚሞላ ሰዓት ባትሪ የለውም። ጉልበቱን የሚያገኘው ከተጠቀለለ ሞላ ነው። ሞላው በአንድ ጊዜ እንዳይፈታ አንዲት መንጠቆ እየያዘች ትለቀዋለች፤ ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዝ ትንሽ ጎማ ደግሞ ፍጥነቱን ትወስናለች። በብዙ አሮጌ ሰዓቶች ይህች ጎማ በሴኮንድ 5 ጊዜ ትመታለች፤ በቀን 432,000 ጊዜ ማለት ነው። ሰዓቱ በቀን 10 ሴኮንድ ቢዛነፍ እንኳ ስሕተቱ ከ8,640 አንድ እጅ ብቻ ነው። ርካሹ የባትሪ ሰዓት ከዚህ የተሻለ ልክ ይሠራል። ሰብሳቢው ግን የሚያደንቀው የሰው እጅ በብረት ብቻ እዚህ መድረሱን ነው። ባለቤቱ ፈጽሞ የማያየው የብረት ጠርዝ ሳይቀር በእጅ ተሞርዶና ተወልውሎ እንደሆነ በማጉያ መነጽር ይመረምራል።

የንጉሠ ነገሥቱ ሰዓት የ30፣ የ31 እና የ28 ቀን ወሮችን ለይቶ የሚያውቅ ዓይነት ነው። በውስጡ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ የሚዞር አካል ስላለ፣ የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29 የሚሆንበትን ዓመት አይስትም። እንዲህ ያለ ሰዓት ሳይቆም ከሠራ ቀኑን በእጅ ማረም የሚያስፈልገው እ.ኤ.አ. በ2100 ነው፤ ያ ዓመት በአራት ቢካፈልም ፌብሩዋሪ 28 ላይ ያበቃልና።

ያልተነካው ይበልጣል

ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የደበዘዘውን ፊት ማስቀባት፣ የተጫረውን ሽፋን እስኪያበራ ማስወልወል ሰዓቱን ያሳመረ ይመስላል። ሰብሳቢ ግን የተቀባውን ፊት ይሸሻል፣ በውልወላ የሳሳውን ጠርዝ ይነቅፋል። በዕድሜ የመጣ ጠባሳ የእውነተኛነት ምስክር ነው። ሣጥኑ፣ የምስክር ወረቀቱ፣ የግዥው ደረሰኝም እንዲሁ።

ታሪክም ዋጋ አለው። የአሜሪካዊው ተዋናይ የፖል ኒውማን የብረት ሮሌክስ ሰዓት እ.ኤ.አ. በ2017 በኒው ዮርክ ከ17.7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። ባለቤቱ ጆአን ውድዋርድ የመኪና ተወዳዳሪም የነበረው ባሏ በጥንቃቄ እንዲነዳ የሚያሳስብ ቃል ከጀርባው አስቀርጻ የሰጠችው ነበር።

ለቤታችን

ለዓመታት የቆመ ሰዓት ስታገኙ ደጋግማችሁ አትሙሉት፤ ዘይቱ ደርቆ ጥርሶቹ ሊበላሉ ይችላሉ። አስቀድሞ ሰዓት ሠሪ ከፍቶ ያጽዳው። ፊቱን እንዳይቀባ፣ ሽፋኑን እንዳይወለውል፣ የሚቀይረውንም ዕቃ አሮጌውን እንዲመልስላችሁ ንገሩት። ቀን የሚያሳይ ከሆነ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ድረስ ቀኑን በእጅ አትቀይሩ፤ በዚያ ጊዜ ጥርሶቹ ቀኑን ለማዞር ተያይዘው ስለሚቆዩ ሊሰበሩ ይችላሉ። ማግኔት ካለው ድምፅ ማጉያም አርቁት።

ከሁሉ በላይ ግን ወረቀትና ብዕር አንሡ። ሰዓቱን ማን ገዛው? በየት፣ በስንት ዓመተ ምሕረት? የመጀመሪያ ደመወዝ ነበር ወይስ የሠርግ ስጦታ? አያት በሰዓቱ የተነሡት ፎቶግራፍ ካለ አብሮ ይቀመጥ። ለማን እንደሚተላለፍም ባለቤቱ በሕይወት ሳሉ ይናገሩ፤ በንጉሠ ነገሥቱ ሰዓት ላይ እንደታየው ያልተነገረ ነገር ኋላ ክርክር ያስነሣል። አብዛኛው የቤታችን ሰዓት ጄኔቫ አይደርስም፤ ገበያ ቢወጣም ብዙ ብር አያወጣ ይሆናል። የማን እንደነበረ የሚያውቅ ልጅ ግን በርካሽ አይሸጠውም።