ሰፊውን ተራራ በጠባብ ሌንስ

በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ እመት ጎጎ በተባለው አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ዓይኑን ከግራ ወደ ቀኝ ሲያዞር ግማሽ ክብ የሚሆን ገደልና ሸንተረር ይመለከታል። ይህን ሁሉ በፎቶግራፍ ለማስቀረት ሲፈልግ በቅድሚያ የሚያስበው በተለምዶ ዋይድ አንግል የሚባለውን ሌንስ ነው። ፎቶግራፉን ሲያይ ግን ያ ግዙፍ ተራራ ቀጭን መስመር ሆኖ ያገኘዋል፤ ቁጥቋጦው ከማሳው አይለይም። ለምን?

መልሱ ከጂኦሜትሪ ይገኛል። በሩቅ ያለ አካል በካሜራው ብርሃን ተቀባይ ገጽ ላይ የሚኖረው ቁመት፣ የአካሉ ቁመት ለርቀቱ ተካፍሎ በሌንሱ የትኩረት ርቀት ሲባዛ የሚገኘው ነው። 1,500 ሜትር ከፍታ ያለውን ገደል ከ10 ኪሎ ሜትር ርቀት በ16 ሚሊ ሜትር ሌንስ ብናነሳው ምስሉ 2.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ግን 7.5 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። የኋለኛው ሌንስ ጉድለት የሚያየው ማዕዘን ጠባብ መሆኑ ነው። ይህም የሚሟላው ብዙ ፎቶግራፎችን ተራ በተራ አንስቶ በኮምፒዩተር በማገጣጠም ነው፤ ውጤቱ ፓኖራማ ይባላል።

ስንት ፎቶግራፍ ያስፈልጋል? ተቀባይ ገጹ 36 በ24 ሚሊ ሜትር የሆነ ካሜራ በቁሙ ሲያዝ፣ 50 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ በአግድም 27 ዲግሪ ያህል ያያል። እያንዳንዱ ፎቶግራፍ ከቀዳሚው ጋር በአንድ ሦስተኛው ቢደራረብ፣ ካሜራው በየጊዜው 18 ዲግሪ ይዞራል። በመሆኑም 180 ዲግሪ ለመሸፈን 10 ፎቶግራፎች ይበቃሉ። እንደ ሁጊን ያሉ በነፃ የሚገኙ ፕሮግራሞች ፎቶግራፎቹን የሚያጋጥሙት በተደራረበው ክፍል ውስጥ ተመሳሳይ ነጥቦችን ፈልገው ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለ። አውራ ጣታችሁን ከፊታችሁ ዘርግታችሁ በአንድ ዓይን፣ ቀጥሎም በሌላው ተመልከቱ። ጣቱ ከበስተኋላው ካለው ግድግዳ አንጻር ቦታ የለወጠ ይመስላል። ይህ ፓራላክስ ይባላል። ካሜራው ሲዞር ሌንሱ ብርሃን የሚቀበልበት ነጥብ ቦታውን ከለቀቀ ይኸው ይደርሳል። ነጥቡ ከማዞሪያው ዘንግ በ10 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ፣ በ18 ዲግሪ ዙር 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል። በዚህም የተነሳ 2 ሜትር ላይ ያለ ጅብራ በምስሉ ላይ ከዳራው አንጻር በ0.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዛነፋል፤ 5 ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ተራራ ግን በ0.0003 ሚሊ ሜትር ብቻ፣ ይኸውም ከአንድ ፒክስል እጅግ ባነሰ መጠን ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ በአቅራቢያ ምንም ነገር ከሌለ ካሜራውን በእጅ ይዞ መዞር እንደሚበቃ ነው። ጅብራው እንዲገባ ከተፈለገ ግን ነጥቡ በዘንጉ ላይ እስኪያርፍ ካሜራውን በማቆሚያው ላይ ወደ ኋላ መሳብ ያስፈልጋል።

የብርሃን መጠን፣ ትኩረትና የቀለም ሚዛንም አስቀድመው ተወስነው እስከ መጨረሻው መለወጥ የለባቸውም፤ አለበለዚያ በሰማዩ ላይ የመገጣጠሚያ መስመሮች ይታያሉ። ፖላራይዘር ቢወልቅ ይመረጣል። የሰማይ ብርሃን ፖላራይዜሽን ከፀሐይ በ90 ዲግሪ አቅጣጫ ስለሚበረታ፣ ማጣሪያው በሰፊ ምስል ላይ ጠቆር ያለ ቀበቶ ይፈጥራል።

ይህ ሁሉ ድካም ለውበት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር በሰሜን ኢትዮጵያ ያነሳቸውን ፎቶግራፎች፣ ጃን ኒሰንና ባልደረቦቹ ከ140 ዓመት በኋላ በየቦታው ቆመው ደግመው በማንሳት የመሬቱን ለውጥ መርምረዋል። ይህ የተቻለው ዛፉና ማሳው በአሮጌው ምስል ላይ ተለይተው ስለሚታዩ ነው። እናንተም ፓኖራማ ስታነሱ የቆማችሁበትን ቦታ፣ ቀኑንና ሌንሱን መዝግቡ፤ ያልተገጣጠሙትን ፎቶግራፎችም አትደምስሱ። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣው ተመራማሪ የሚፈልገው እነርሱን ይሆናል።